ጥጥ የሚደረብበት ቦታ

በእኛ ቤት መሣሪያ ራቁቱን ከደጅ አይወጣም ነበር። ሰው በስስ ሸሚዝ ብርድ ላይ ቢወጣ እናቴ ዝም ትላለች፤ ጊታር ያለ ልብስ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ የሚያልፍ ጎረምሳ ካየች ግን ከስፌት መኪናዋ ብድግ ብላ በመስኮት ትጣራለች። «አንተ ልጅ! አንገቱን ልትሰብረው ነው እንዴ?» ጎረምሳው መጀመሪያ የማን አንገት እንደሆነ ግራ ይገባዋል። ከዚያ ይስቃል፤ ብዙውን ጊዜም ውሎ ሳያድር ደንበኛ ሆኖ ይመጣል።

ሥራዋ ይኸው ነበር፤ ለሙዚቃ መሣሪያ ባለጥጥ ልብስ መስፋት። ከውጭ ሸራ፣ ከውስጥ ከፋይ፣ በሁለቱ መሀል ጥጥ። ጥጡ ተንሸራቶ አንድ ጥግ ላይ እንዳይከማች ደግሞ ከላይ እስከ ታች እንደ ዳማ ገበታ አራት ማዕዘን እያደረገች በእጅ መርፌ ትወጋዋለች። ሰው ሁሉ ሽፋን ይለዋል። እሷ ልብስ ነበር የምትለው፤ እኔም እስከ ዛሬ ልብስ እላለሁ።

ቤታችን አንድ ሰፊ ክፍልና ከጀርባው አንዲት ጠባብ መኝታ ቤት ነበረው። ሰፊው ክፍል የእሷ ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ መሀል ላይ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ እስከ ወገቤ የሚደርስ የጥጥ ክምር። ያለቀላቸው ልብሶች ግድግዳው ላይ በሚስማር ይሰቀላሉ። ጭንቅላት የሌላቸው እንግዶች ይመስሉኝ ስለነበር ጠዋት ስነሳ በየተራ ደህና አደራችሁ እላቸዋለሁ። ከእነሱ መሀል የምፈራው የትልቁን ቤዝ ልብስ ብቻ ነበር፤ ሆዱ ሰፊ ነው፣ ልጅ ይውጣል ብዬ።

እናቴ በወሬ ልክ አትሰፋም። ቁመቱ ይህን ያህል፣ ወርዱ ይህን ያህል እያለ ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው እንደ አመጣጡ ይመለሳል። መሣሪያው ራሱ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ መተኛት አለበት። በሜትር ትለካዋለች፤ በመዳፏ ከአናቱ እስከ ግርጌው ትዳብሰዋለች፤ በመጨረሻ ቀና ብላ ባለቤቱን ሁልጊዜ ያችኑ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች።

«የት የት ነው የሚጎዳው?»

ባለቤቱም ያሳያታል። መኪና ላይ ሲጫን በዚህ በኩል ነው የሚያርፈው፤ ደረጃ ስወርድ ይሄ ጠርዙ ይጋጫል፤ አንገቱ ሥር ድሮም ስንጥቅ አለበት። እሷ ጠመኔዋን ታነሳና በዚያ ቦታ ልክ ሸራው ላይ ክብ ታሰምራለች። ክብ ያለበት ቦታ ጥጥ ይደረብበታል። ብልሃቷ ሁሉ ይህ ነበር። ሌሎቹ ሰፊዎች ሁሉንም እኩል ይሞላሉ፤ እሷ ጉዳቱ የሚያርፍበትን ጠይቃ ትሞላለች። እኔም ከሥሯ ቁጭ ብዬ በቁርጥራጭ ጨርቅ ለጫማም፣ ለማንኪያም፣ ለድመታችንም ልክ እወስድ ነበር። የት የት ነው የሚጎዳሽ እላታለሁ ድመቷን። ንቃኝ ትሄዳለች።

አባቴ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበር። ባንድ ይመራል፤ ማታ ማታ ይሠራል፣ ጠዋት ይተኛል፣ ከቀትር በኋላ ቤት ይውላል። ስለ እጁ የማያወራ ሰው አልነበረም። እኔም እጁን ነው የማስታውሰው። አኮርዲዮኑን ሲያስቀምጥ ኮሽ አይልም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላል፣ ማሰሪያውን በዘይት ያሻል። የእሱ አኮርዲዮን ልብስ እናቴ ከሠራቻቸው ሁሉ የሚበልጠው ነበር፤ ውጩ ጥቁር ሰማያዊ ሸራ፣ ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ከፋይ። አንዳንዴ ጭኑ ላይ ያስቀምጠኝና ጣቶቼን ቁልፎቹ ላይ ይደረድራል፤ መንፊያውን ቀስ ብሎ እየከፈተ «ተንፍሺ፣ ከሱ ጋር ተንፍሺ» ይለኛል። እተነፍሳለሁ። እወደው ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም፣ ብደብቀው የሚቀረው ታሪክ ውሸት ይሆናል።

ጥጥ አንድ ቦታ ብዙ ከቆየ ይጋገራል። ስለዚህ እናቴ ግቢ ውስጥ አንጥፋ በቀጭን እንጨት ትደበድበዋለች፤ ይላላል፣ ያብጣል። ይህ የተለመደ ነው። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከቀትር በኋላ ጥጥ የሚደበደበው መኝታ ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ ነበር። እኔ የስፌት መኪናው ሥር ተቀምጬ ፔዳሉን በእጄ እያወዛወዝኩ እጠብቃለሁ። ድብ ይላል። ዝም ይላል። እንደገና ድብ። ከዚያ አባቴ ይወጣል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ አኮርዲዮኑን ተሸክሞ ወደ ሥራው ይሄዳል። እናቴ ቆይታ ትወጣለች።

«ምን እየሠራችሁ ነበር እማዬ?»

«ጥጥ እየደበደብን። አባትሽ እያገዘኝ።»

አንድ ጊዜ ገብቼ ጥጡን ፈልጌ ነበር። አልጋው ሥር አየሁ፣ ከበሩ ኋላ አየሁ። የለም። ጨርሰውታል ማለት ነው አልኩ፤ ጎበዞች ናቸው።

ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን አንድ ቀን ከማንም መሣሪያ ጋር የማይገጥም ልብስ ስትሰፋ አገኘኋት። እጅጌ የለውም፤ ከትከሻ እስከ ዳሌ ይወርዳል፤ በጎን በኩል በጥብጣብ ይታሰራል።

«ለማን ነው?»

«ለእኔ።»

«አንቺ ምን መሣሪያ ነሽ?»

ሳቀች። «አሮጌ ከበሮ» አለች። ሳቋን ሳትጨርሰው ጎኗን ያዘች፤ ከዚያ ብርድ ገብቶኝ ነው አለችኝ። እኔ በላብ ፀጉሬ ግንባሬ ላይ ተለጥፎ ብርድ መሆኑን አመንኩ። የገረመኝ ሌላ ነገር ነበር። ሸራው ላይ በጠመኔ ክቦቹን ስታሰምር ማንንም አልጠየቀችም። ከጀርባ ከወገብ በላይ ግራና ቀኝ፣ ትከሻው ላይ፣ ጎኑ ላይ፤ እጇ ሳያመነታ ሄደ። ከቀናት በኋላ ፈትታ እንደገና ሰፋችው፤ በግራ በኩል ጥጥ ጨመረችበት። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ፈታችው። ለራሷ ለምትሠራውም እንዲህ ትጨነቃለች ብዬ ኮራሁባት። ከቀሚሷ ሥር ታደርገዋለች፤ ሳቅፋት እንደ ትራስ ትመቸኝ ነበር።

የባንዱ ከበሮ መቺ ወፍራም ሳቂታ ሰውዬ ነበር። ጋሼ ድምድም ነበር የምለው። አዲስ ከበሮ ገዝቶ ልክ ሊያስወስድ በመጣ ቀን አባቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ የአኮርዲዮኑን ማሰሪያ በዘይት ያሻል። እናቴ እንደ ልማዷ የት የት ነው የሚጎዳው አለችው።

«ኧረ እሱማ ሁለመናው ነው እቴ! ባለቤቱ እኮ ነው ሲቀጠቅጠው የሚያመሸው!» አለና በራሱ ቀልድ ራሱ ሳቀ።

ጋሼ ድምድም ሲስቅ እጁ አርፎ አይቀመጥም፤ አጠገቡ ያገኘውን ሰው ጀርባ ቸብ ያደርጋል። የእናቴን ጀርባ ቸብ አደረገ። እጁ እዚያው ቀረ።

«እንዴ! አንቺም ለራስሽ ልብስ ሰፋሽ? ለጉዞ ልትጫኚ ነው እንዴ?»

እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። የሳቅሁት ብቻዬን ነበር። አባቴ ማሰሪያውን ማሸቱን አቆመ። ጋሼ ድምድም እጁን ቀስ ብሎ አነሳ፤ እናቴን አየ፣ ቀጥሎ አባቴን አየ፣ ከዚያ ዓይኑን የራሱ ከበሮ ላይ ተክሎ ቆየ።

«የቅዳሜው ሰርግ… ስንት ሰዓት ነበር እንገናኝ ያልከው?» አለ።

«ስምንት ሰዓት» አለ አባቴ።

«ስምንት። ጥሩ። ስምንት ሰዓት ከች እላለሁ።»

ከበሮውን ጥሎልን ወጣ፤ እንደ ልማዱ የኔን ጉንጭ ሳይቆነጥጥ። ተቀየመኝ ብዬ አዘንኩ። ዛሬ ሳስበው ሁሉም ነገር በዚያች ቅጽበት ገብቶት ነበር። ሥራ የሚያመጣለት ግን አባቴ ነበርና የገባውን ዋጥ አድርጎ ሄደ። ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገው፤ እኔም ልረግመው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ጡረታ የወጣች ነርስ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታችን ነበረች። እትዬ ነው የምንላት፤ እናቴም እኔም። ደረቅ ሴት ናት፣ ልጅ አታሞላቅቅም፤ ግን ከማንም በላይ የምትሰማኝ እሷ ነበረች። አንድ ቀን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እግሯን ፀሐይ ስታሞቅ የቤታችንን ወግ እየነገርኳት፣ አባቴ እንዴት ያለ ሰው እንደሆነ ልገልጽላት ፈለግሁ።

«አባዬ እኮ ጥጥ ሲደበደብ እማዬን ያግዛታል። መኝታ ቤት ውስጥ፣ በር ዘግተው። ጥጡ እንዳይበን ነው።»

እትዬ እግሯን ሰበሰበች። «ያግዛታል?» አለች።

«አዎ። ጮክ ብሎ ነው የሚደበድበው። ለእርስዎ አይሰማም?»

«ይሰማኛል» አለች።

ተነስታ በቀጥታ ወደ እኛ ቤት ገባች። ተከተልኳት። እናቴ ሸራ እየቀደደች ነበር፤ ቀና ብላ ፈገግ አለች። እትዬ አልተቀመጠችም።

«ልጅቷ ስለ ጥጡ ነገረችኝ።»

«ምኑን እትዬ?»

«ጥጡን ነዋ። የሚደበደበውን።»

እናቴ መቀሱን አስቀመጠች። «ሥራ የበዛበት ጊዜ ነው» አለች። «ሲደክመው እንዲህ ይሆናል። ያልፋል።»

«ልጄ፣ እኔ ስንት ዘመን ሆስፒታል ቆሜ ብዙ ጥጥ አይቻለሁ። አያልፍም። ሽንትሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ አልኩዎት እኮ።»

«እህትሽ ጋ የሚሄደው አውቶብስ ከቀትር በኋላም አለ። እኔ አደርስሻለሁ። እሺ በይኝ አንቺ ብቻ።»

«እትዬ፣ በልጅቷ ፊት…»

እትዬ ዞር ብላ አየችኝና ወጣች። እኔ የገባኝ ይህ ነው፤ እትዬ ጥጣችንን ፈልጋዋለች፣ እናቴ ደግሞ አልሰጥም ብላታለች። ለጥቂት ቀን የጥጡን ክምር በጆንያ እየሸፈንኩ ጠበቅሁ።

ሌላ ደግሞ ሳፋው አለ። አንድ ጠዋት እናቴ ግቢ ውስጥ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ የውስጥ ልብሷን ስታጥብ ውሃው ቀልቶ አየሁት። ደም ነው ብዬ ጮህኩ።

«የምን ደም! ከፋዩ ነው» አለች፤ ፈጠን ብላ። «ቀይ ከፋይ ቀለም ይለቃል። አንቺም ስታድጊ ከሌላ ልብስ ጋር እንዳትነክሪው፣ ሁሉንም ያበላሽብሻል። ለብቻው።»

ለብቻው አልኩ። እንደ ሙያ ምስጢር ነበር የያዝኩት፤ አንድ ቀን እኔም ሰፊ ስሆን የማልረሳው።

አባቴ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ እንቅልፍ ላይ ነበር። እናቴ ክር ልትገዛ ወጥታለች። አኮርዲዮኑ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ወለሉ ላይ፣ ከመኝታ ቤቱ በር አጠገብ ነው። ልብሱን ለብሶ ሙቀት ያፈነው መሰለኝና ዚፑን ከፈትኩለት። ቀዩ ከፋይ ወጣ፣ ነጫጭ ቁልፎቹ ወጡ። አንዱን ተጫንኩ፤ አልተነፈሰም። መንፊያውን ይዤ ሳብኩ። ጮኸ።

ከዚያ የማስታውሰው የጠረጴዛውን እግር ነው፤ በጣም ቀርቦኝ። ጀርባዬ ትከሻዬ አጠገብ ይነደኛል፣ ትንፋሽ አጥሮኛል። እናቴ የክሩን ከረጢት እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። አባቴ አኮርዲዮኑን አቅፎታል።

«ወደቀች» አለ። «ከበርጩማው ላይ ወደቀች።»

እኔም ከበርጩማ ላይ ነው የወደቅኩት እያልኩ ለሁሉ ሰው ተናገርኩ፤ ለእትዬም፣ ለጋሼ ድምድምም፣ ለድመቷም። ለብዙ ዓመት ያንን በርጩማ በዓይኔ አየው ነበር። አድጌ ያንን ክፍል በሐሳቤ ጥግ በጥግ ስዞረው ግን በርጩማው ከስፌት መኪናው ኋላ ነው፣ በክፍሉ ሌላኛው ጫፍ። አኮርዲዮኑ ጋ ለመድረስ መውጣት የሚያስፈልገኝ ነገር አልነበረም።

በማግሥቱ አባቴ ለልምምድ እንደወጣ እናቴ ጠረጴዛውን ጠረገችና ጠራችኝ።

«ነይ ሚጣ። ልክሽን ልውሰድ።»

እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም። እንደ ጊታር ጠረጴዛው ላይ ተኛሁ፣ እጄን ከጎኔ አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ። ሜትሩ ሲነካኝ ቀዘቀዘኝ። ትከሻዬን ለካች፣ ደረቴን ለካች፣ በመዳፏ ጀርባዬን ከላይ እስከ ታች ዳበሰችኝ። የሚያመኝ ቦታ ላይ ስትደርስ መዳፏ ቀለል አለ። ከአባቴ አኮርዲዮን ልብስ የተረፈ ቀይ ከፋይ ከሳጥኗ አወጣች፤ ለክፉ ቀን ያስቀመጠችው ነበር። ቆረጠች፣ ጥጥ አነጠፈች፣ በሰፊ ስፌት ያዝ ያዝ አድርጋ አለበሰችኝ። ልክክ አለ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ አየችኝ፤ ጥሩ ሥራ ስትሠራ የምታሳየው ያ ፊቷ ነበረ። ትከሻው ላይ ያለውን ሽብሽብ በጣቷ አቃናችው። አዙራ አቆመችኝና ጠመኔዋን አነሳች።

ሥራውን ስለማውቀው ቀደምኳት። በእሷ ድምፅ፣ ቆጣ ብዬ፣ «የት የት ነው የሚጎዳው?» አልኩ።

ባለቤቱ ካልመለሰ ሥራው አይሄድም፤ ስለዚህ ራሴ መለስኩላት። እጄን ወደ ኋላ ልኬ በትከሻዬ አጠገብ ያለውን አሳየኋት።

«እዚህ ጋ። ዛሬ እዚህ ጋ ነው። ሌላ ቀን ስወድቅ ደግሞ እነግርሻለሁ።»

ጠመኔው ጀርባዬ ላይ አረፈ። መዞር ሲጀምር ተሰማኝ፤ ከላይ ጀምሮ ወደ ግራ፣ ወደ ታች። ግማሽ ላይ ቆመ። ዞር ብዬ ሳይ እናቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ጠመኔውን በእጇ ፈጭታዋለች። አፏ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን አይወጣትም። መንፊያው ሳይከፈት ቁልፍ እንደ መጫን ያለ ነገር ነበር።

«ልኬ ተበላሸ እማዬ?»

«አልተበላሸም» አለች። «ጫማሽን አድርጊ።»

ልብሱን አላወለቀችልኝም፤ ከላይ ቀሚሴን ደረበችልኝ። መቀሷንና ሜትሯን በፎጣ ጠቅልላ ከልብሳችን ጋር ሻንጣ ውስጥ ከተተች። የስፌት መኪናውን በመዳፏ ነካ አድርጋ ትታው ወጣች። እትዬ ምንም ሳትጠይቅ ሻንጣችንን ከእጇ ተቀብላ በጠራራ ፀሐይ መንገዱን መሀል ለመሀል ይዛ መራችን። ጥግ ላይ ጋሼ ድምድምን አገኘነው። የከበሮ ዱላዎቹን ይዞ ወደ ልምምዱ ሲሄድ ነው።

«ወዴት ነው?» አለ።

«ልብስ ልናደርስ» አለች እትዬ።

ሻንጣውን አየ። እኔን አየኝ፤ ከቀሚሴ ሥር ያበጠውን ትከሻዬን። «በሰላም ግቡ» አለና አንገቱን ደፍቶ አለፈ። የት እንደሄድን ለአባቴ እንዳልነገረው በኋላ ሰምተናል፤ ይህን ያህል አደረገ። እኔ አውቶብሱ ውስጥ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ልብስ የሚለብስ መሣሪያ ለጉዞ ነው የሚለብሰው፤ የት ሄደን ነው የምንጫወተው እያልኩ እናቴን መንገዱን ሙሉ አሰለቸኋት።

አክስቴ ቤት እናቴ መጋረጃ ሰፋች፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፋች። ለመሣሪያ ዳግመኛ ልብስ አልሰፋችም። አንድ ጊዜ፣ አድጌ፣ ለምን እንደተወችው ጠየቅኳት። «ለራሴ ስሰፋ እኮ አላፈርኩም ነበር» አለችኝ። «ስፌቱ ቀጥ ማለቱን ነበር የማየው። ያንቺም ልክክ ሲል ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ገባሽ?» ከዚያ በላይ አልነገረችኝም።

ትምህርት ልጨርስ ስል ኩላሊቷ ደከመ። ሐኪሙ የራጅ ፎቶዋን ብርሃን ላይ ይዞ እናትሽ የመኪና አደጋ ደርሶባት ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ኧረ በጭራሽ አልኩት። አክስቴ አጠገቤ ቆማ ወለሉን ታይ ነበር። መተላለፊያው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ ስለ ጥጡ የነገረችኝ ያን ቀን ነው። እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። አባቴ ግን እስኪሸመግል ተጫወተ፤ ሲሞት ሬዲዮው መሣሪያውን እንደ ልጁ ይንከባከብ ነበር አለ። ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ቆሜ ሳቅሁ። ያስጠላ ሳቅ ነበር።

ያ ያላለቀ ልብስ እኔ ጋ ነው። በቅርቡ ሳጥን ሳራግፍ አገኘሁትና ሻጋታ ሸተተኝ፤ ልጠበው አልኩ። ሳፋ ላይ ውሃ ሞላሁ። ሌሎቹን ልብሶች ወደ ጎን አደረግሁ፤ ቀይ ከፋይ ነውና ለብቻው። ነከርኩት፣ ቆይቼ ተመለስኩ።

ውሃው ጥርት ብሎ የሳፋው ታች ይታያል።

እጄን ከተትኩና አሸሁት። ጨመቅኩት። ሳሙና ጨምሬ እንደገና ጨመቅኩት፤ እናቴ ትዋሸኛለች እንዴ፣ ትንሽ፣ አንዲት ጠብታ ብቻ ልቀቅ እያልኩ ለመንኩት። ጣቶቼ እስኪሸበሸቡ ለመንኩት። ከፋዩ ቀይ እንደሆነ ነው፤ ውሃው ውሃ ነው።